የሹፌሩ በር፦ የአቶ ሃልቮር ብሬከ ዜና ሕይወት

የተከበራችሁ ሐዘንተኞች፣ ይህን የሚያዝያ ጭቃ ጥሳችሁ ከሩቅም ከቅርብም የመጣችሁ ዘመዶችና ጎረቤቶች፤ የታናሽ ወንድሜን የአቶ ሃልቮር ብሬከን ዜና ሕይወት እንዳነብ በታዘዝኩ ጊዜ በአንድ ገጽ ጨርሼ ልቀመጥ አስቤ ነበር። ነገር ግን ባለፈው ሐሙስ የወጣው የአውራጃችን ጋዜጣ፣ የኤንግቮልድ የጥንት መኪኖች ማኅበር በላከው የሐዘን መግለጫ ላይ፣ «የሕይወታቸው ታላቅ ደስታ ማኅበራችን ወደ ቀድሞ ውበቱ የመለሰላቸው የ1951 መርኩሪ የጭነት መኪና አንደኛ ሲወጣ ማየታቸው ነበር» የሚል ቃል ስላወጣ፣ ሰው ከሞተ በኋላ ሐሰት እስከ መቃብሩ ሲከተለው ዝም ብዬ የማይ ስላልሆንኩ፣ የመጀመሪያውን ጽሑፌን ቀድጄ ይህን ጻፍኩ። ፓስተራችን ወይዘሮ ሊንድሴት ዛሬ ጠዋት ወረቀቱን አይተው፣ «አቶ ሲቨርት፣ ሰዉ ሊያለቅስ ነው የመጣው፤ እባክዎ ትንሽ ቀለል ያድርጉት» ብለውኛል። ምክራቸውን በአክብሮት ሰምቻለሁ፤ አልተቀበልኩትም።

አቶ ሃልቮር ከአባታቸው ከአቶ ኒልስ ብሬከና ከእናታቸው ከወይዘሮ ቦርግሂልድ ቶፍተ፣ ማርች 9 ቀን 1941፣ ከዚህች ከኤንግቮልድ ከተማ በስተ ሰሜን አሥራ አራት ኪሎ ሜትር በሚርቀው የስንዴ እርሻችን ላይ ተወለዱ። ከአራት ዓመት ታላቃቸው ከእኔ በቀር ወንድምም እኅትም አልነበራቸውም። ፊደል የቆጠሩት ስምንቱም ክፍሎች በአንድ ምድጃ ዙሪያ በሚማሩባት የገጠር ትምህርት ቤት ሲሆን፣ አስተማሪያቸው ለአባታችን በላኩት ደብዳቤ «ልጁ በመስኮቱ በኩል መኪና ባለፈ ቁጥር ሳያይ በድምፁ ብቻ የማን እንደ ሆነ ይናገራል፤ የሒሳብ ማባዣውን ግን ገና አላወቀም» ብለው ጽፈው እንደ ነበር አስታውሳለሁ፤ ደብዳቤውን ያደረስኩት እኔ ነበርኩና።

ወንድሜ አሥር ዓመት በሞላቸው ዓመት፣ ከሁለት ጥሩ መከር በኋላ፣ አባታችን አረንጓዴውን መርኩሪ የጭነት መኪና አዲስ ገዝተው ወደ ቤት አመጡት። በዚያን ዘመን የእርሻ መኪና በሩ ላይ የባለቤቱ ስም ይጻፍበት ነበርና፣ ጽሕፈቷ በአውራጃው የተመሰገነላት እናታችን ከጎተራው መዝጊያ የተረፈውን ነጭ ቀለም በጣሳ፣ አንዲት ቀጭን ብሩሽ በእጇ ይዛ፣ ከሳር ክምሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጣ በሁለቱም በሮች ላይ «ኒልስ ብሬከና ልጆቹ» ብላ ጻፈች። በሹፌሩ በር ላይ የመጨረሻውን ፊደል ስትጨርስ ግን አንዲት የቀለም ጠብታ ወደ ታች ልትወርድ ስትል በአውራ ጣቷ ቶሎ ብላ አስቆመቻት፤ የጣቷም አሻራ እዚያው ላይ ደረቀ። አባታችን «ልሰርዘው?» ሲሉ እርሷ «ተወው፤ ማን ያየዋል?» ብላ ስቃ ገባች። ያየው ሃልቮር ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ በር በገባ ቁጥር መጀመሪያ አውራ ጣቱን በእናታችን አውራ ጣት ላይ አሳርፎ ነበር መያዣውን የሚስበው። እናታችን በ1959 ካረፈች በኋላም ልማዱን አልተወም፤ ይህን ከእኔ በቀር ያወቀ ሰው ቢኖር ባለቤቱ ብቻ ናት።

ከዚህ በኋላ አቶ ሃልቮር ወደ ሙስ ጆ ከተማ ሄደው የመካኒክነት ሙያ ተምረው በማዕረግ ከተመረቁ በኋላ፣ በኤንግቮልድ የገበሬዎች ማኅበር ጋራዥ ተቀጥረው ሠላሳ ስምንት ዓመት አገለገሉ። የእናንተን ትራክተር፣ የእናንተን የመከር ማሽን፣ የትምህርት ቤቱን አውቶቡስ ያልጠገኑበት ዓመት አልነበረም፤ በዚህ ወንበር ላይ ከተቀመጣችሁት ውስጥ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች ሠላሳ አምስት ዲግሪ በሆነበት የጥር ጠዋት «ሃልቮር፣ አልነሳ አለኝ» ብሎ ስልክ ያልደወለላቸው ካለ እጁን ያውጣ። እርሳቸውም መጥተው፣ አባታችን እንዳስተማሯቸው፣ ፍም በቆርቆሮ ትሪ ከሞተሩ የዘይት ቋት ሥር አስቀምጠው፣ ኮፈኑን በብርድ ልብስ ሸፍነው፣ ሞተሩ እስኪለሰልስ ድረስ አጠገቡ ቆመው ይጠብቁ ነበር። ወጣት መካኒኮች «ከባለቤትህ ከእትዬ ስቴፋኒያ ይልቅ ሞተር ማግባት ነበረብህ» እያሉ ሲቀልዱባቸው «እሷ ሳትሞቅ ትነሳለች፤ ለዚህ ነው ያገባኋት» ይሉ ነበር።

ሌላው ሰው ያረጀ መኪናውን ለብረት ቀላጭ ሲሰጥ እርሳቸው ግን እየለመኑ ያመጡ ነበር። የ1938ቱን ፋርጎ ከወንዝ ዳር ቁጥቋጦ ውስጥ በበሬ ሳይሆን በሰው ጉልበት ጎትተው ያወጡት፣ የ1956ቱን ሜቲዎር ደግሞ ዶሮ ከሚፈለፈልበት በረት ውስጥ እንቁላሉን ለባለቤቱ ለቅመው ካስረከቡ በኋላ ያስነሱት እርሳቸው ናቸው። ይሁን እንጂ የሚያስነሱትን ሁሉ አያብረቀርቁም ነበር። ካርቡራቶሩን ይፈታሉ፣ ፍሬኑን ይቀይራሉ፣ ሽቦውን ያድሳሉ፤ የሰው እጅ የነካውን ግን አይነኩም ነበር። በመሪው ላይ የተላጠውን ስፍራ፣ በፍሪሲዮኑ ፔዳል ላይ የጫማ ተረከዝ የበላውን ጎድጓዳ፣ ውሻ በመስኮት እየወጣ የቧጠጠውን በር እንዳለ ይተዉት ነበር። አንድ ጊዜ እኔው ራሴ «ይህን ዝገት ምን አድርግ ብለህ ታስቀምጠዋለህ?» ብላቸው፣ «ሲቨርት፣ ፊትህ ላይ ያለውን ጠባሳ ሐኪም ይፋቅልህ?» አሉኝ። ያንን ጠባሳ በስድስት ዓመታቸው በሳር መንሽ ያወጡብኝ እርሳቸው መሆናቸውን ሳይጠቅሱ ነው የመለሱልኝ።

በ1966 አቶ ሃልቮር፣ አባቷ ከእኛ እርሻ ማዶ የዩክሬን ሰዎች መንደር ዳቦ ጋጋሪ የነበሩትን ወይዘሮ ስቴፋኒያ ሆሎቫችን አገቡ። ከሙሽራዋ ወገን ያማረች ጥቁር መኪና ተልካ ሳለ ሙሽራው «እናቴ በጻፈችበት ካልሆነ አልሄድም» ብለው በመርኩሪው ወሰዷት፤ ሙሽራይቱም ነጭ ልብሷን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ በቀኙ በር ወጥታ ተቀመጠች። ከዚያን ቀን ወዲህ ያ ወንበር የእርሷ ሆነ። በትዳራቸውም ግሌንዳና ራንዳል የተባሉ ሁለት ልጆች አፍርተው፣ አምስት የልጅ ልጆች ለማየት በቅተዋል።

አሁን ወደ ነገሩ እመጣለሁ። የጥንት መኪኖች ማኅበሩ በየዓመቱ በጁላይ አንድ ቀን በእህል ጎተራው አጠገብ በሚያደርገው ትርዒት ላይ፣ ዳኞች በእጃቸው ወረቀት ይዘው እያንዳንዱን መኪና ከመቶ ነጥብ ይመዝኑታል፤ ከፋብሪካ እንደ ወጣ ከሆነ ነጥቡ ይሞላል፣ ያልሆነው ይቀነሳል። ወንድሜ ከማኅበሩ መሥራቾች አንዱ ሆነው ሳለ፣ አርባ አንድ ዓመት ሙሉ መርኩሪውን በገዛ ሞተሩ እየነዱ፣ ሌላው በተጎታች ጭኖ እያመጣ፣ ተወዳድረው አንድ ቀን እንኳ ሦስተኛ አልወጡም። በወረቀቱ ላይ በየዓመቱ የሚጻፈው ያው ነበር፦ ቀለሙ በፀሐይ ነጥቷል፣ ሃያ ነጥብ፤ በበሮቹ ላይ ከፋብሪካ ያልወጣ ጽሕፈት አለ፣ አምስት ነጥብ፤ በሹፌሩ በር ላይ የቀለም እንከን አለ፣ ሁለት ነጥብ። የእናታችን አውራ ጣት በእነርሱ ሚዛን ሁለት ነጥብ ያስቀንስ ነበር! ሊቀ መንበሩ አቶ ሜርቪን ስታውት «ሃልቮር፣ አንድ ሳምንት ስጠኝና አንደኛ አወጣልሃለሁ» ሲሏቸው፣ ወንድሜ «አንተ ራስህን መጀመሪያ ከፋብሪካ እንደ ወጣህ አድርገህ አሳየኝ» ብለው ሕዝቡን ያስቁ ነበር እንጂ ተቆጥተው አያውቁም። የተቆጣሁት እኔ ነኝ፤ የተቆጣሁት ግን በተሳሳተው ነገር ነበር፤ እርሱንም እናገራለሁ።

በኦክቶበር 2021 አቶ ሃልቮር በስትሮክ ወድቀው፣ ቀኝ ጎናቸው አልታዘዝ ብሎ፣ ከዚህ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር በሚርቅ ሆስፒታል አሥራ አንድ ሳምንት ተኙ። በዚህ ጊዜ የማኅበሩ አባላት ተሰብስበው፣ ወንድማችን ሲመለስ የሚደሰትበት ስጦታ እናዘጋጅለት ብለው፣ መርኩሪውን ፍቀው እንደ አዲስ ሊቀቡት ተስማሙ። በፍቅር ነው ያደረግነው ይላሉ፤ አልክድም። ሰው የጎረቤቱን ቤት በፍቅር ሲያቃጥል ግን ፍቅሩን አመስግነን እሳቱን ዝም አንልም። ባለቤታቸው ከበሽተኛው አጠገብ ስለ ነበሩ አልተጠየቁም፤ ልጆቻቸው አልተጠየቁም፤ መኪናው የሚያድርበት የቤታቸው ጋራዥ ቁልፍ ግን ተገኘላቸው። ከማን እንደ ተገኘ በስፍራው እናገራለሁ።

በኖቬምበር መጨረሻ፣ ቅዳሜ ቀን፣ ወይዘሮ ስቴፋኒያ ልብስ ሊቀይሩ ወደ ቤት ሲመለሱ ከጋራዡ የመፋቂያ ማሽን ጩኸት ሰሙ። በቤት ጫማቸው በረዶውን ረግጠው ሲገቡ ኮፈኑም፣ ፓራፋንጎዎቹም፣ የሹፌሩም በር እስከ ብረቱ ተፍቀው፣ ነጩና አረንጓዴው ዱቄት ወለሉን ሸፍኖት፣ ማሽኑን የያዘው ሰው ወደ ቀኙ በር እየዞረ ነበር። ያ ሰው የሆነውንና የተባለውን ቃል በቃል ነግሮኛል። ወይዘሮ ስቴፋኒያ ቀኙን በር ከፍተው ወጡና በወንበራቸው ላይ ተቀመጡ፤ በሩንም ከውስጥ ቆለፉት። አቶ ሜርቪን «ስቴፋኒያ፣ ውረጂ እንጂ፣ ስጦታ ነው እኮ!» ቢሏቸው መስኮቱን ሁለት ጣት ያህል ዝቅ አድርገው፣ «ሰባ ስምንት ዓመቴ ነው፤ እኔም ቀለሜ ለቋል፤ ከኔ ጀምራችሁ ፋቁ!» አሏቸው። «እሺ በሩን ብቻ እናጽዳው» ቢሏቸው «ሜርቭ፣ ሚስትህን ልጥራት ወይስ ራስህ ትሄዳለህ?» አሏቸው። በዚያ ብርድ ሦስት ሰዓት ተኩል ተቀመጡ። በመጨረሻ ማኅበሩ ቀኙን በር በጋዜጣ ሸፍኖ ሌላውን ሁሉ አረንጓዴ ቀባና ሄደ። የእናታችን ጽሕፈት ዛሬ በአንድ በር ላይ ቢገኝ ያተረፉት እኒህ እመቤት ናቸው፤ በጋዜጣው ላይ ስማቸው «ባለቤታቸው» ተብሎ ብቻ ነው የተጠቀሰው።

በጃንዋሪ ወንድሜ በዊልቸር ተቀምጠው ወደ ቤት ሲመለሱ፣ ማኅበሩ በጋራዡ ደጅ ተሰልፎ፣ በመኪናው ላይ ቀይ ጥብጣብ አስሮ፣ እያጨበጨበ ተቀበላቸው። እርሳቸው ግን ዊልቸሩን በግራ እጃቸው እየገፉ ወደ ሹፌሩ በር ተጠጉና፣ ግራ አውራ ጣታቸውን አንስተው፣ የመጨረሻው ፊደል የነበረበትን ስፍራ በዚያ እንደ መስተዋት በሚንሸራተት ቀለም ላይ ደጋግመው ፈለጉት። ከዚያም ቀና ብለው «የእማማ ጣት የት ሄደ?» አሉ። ጭብጨባው ቆመ። አቶ ሜርቪንም እኔ በምሰማው ሹክሹክታ፣ «አእምሮውን ነክቶት ነው መሰለኝ» አሉ። አልነካውም ነበር! በዚያ ጋራዥ ውስጥ ከነበርነው ሃያ ሁለት ሰዎች መካከል አእምሮው በስፍራው የነበረው አንዱ ሃልቮር ብሬከ ነበር።

ቁልፉን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። አቶ ሜርቪን ሲጠይቁኝ ቁልፉን ከኪሴ ለማውጣት የፈጀብኝ አንድ ደቂቃ አይሞላም። ለአርባ አንድ ዓመት የብሬከ ቤት መኪና በሕዝብ ፊት ዝቅ ሲል ያፈርኩት ሰው እኔ ነኝ፤ ወንድሜ ከመሞቱ በፊት አንድ ቀን እንኳ አንደኛ ብንወጣ ብዬ የተመኘሁ እኔ ነኝ። ጣቱ በዚያ በር ላይ መኖሩን አውቅ ነበር፤ በበርጩማው አጠገብ ቆሜ ስትጽፈው አይቻለሁና። አውቄ ረሳሁት። በሩ ላይ «ልጆቹ» ተብለን የተጻፍነው ሁለት ነን፤ አንዱ ልጅ ሌላውን ልጅ አስፋቀ። ማኅበሩን ስወቅስ ከተወቃሾቹ በፊተኛው ወንበር ላይ የምቀመጠው ራሴ መሆኔን ሁላችሁም እንድታውቁልኝ ነው ይህን በእግዚአብሔር ቤት የማነበው።

በዚያው ዓመት ጁላይ አንድ ቀን ማኅበሩ መኪናውን ለትርዒት ልውሰድ ብሎ ሲጠይቅ ወንድሜ «ውሰዱት» ብቻ አሉ። ወስደውም፣ ቀኝ ጎኑን ከጎተራው ግድግዳ ጋር አስጠግተው፣ ሰው በዚያ በኩል እንዳያልፍ የእንጨት ሣጥን ደርድረው አቆሙት፤ ዳኞቹም ሦስቱን ጎን ብቻ አይተው አንደኛ ነው አሉ። ዋንጫውን በድምፅ ማጉያ ጠርተው ሲሰጧቸው አቶ ሃልቮር «ስንት ነጥብ አገኘ?» ብለው ጠየቁ። ዳኛው በደስታ «ዘጠና ስድስት!» አሉ። «አራቱ ምን ላይ ጎደለ?» «ቀኝ በሩን ስላላየነው ነው፣ ሃልቮር።» ወንድሜም በዚያ ድምፅ ማጉያ፣ አንደበታቸው ገና ከባድ ሆኖ ሳለ፣ «እንግዲያው መኪናውን አላያችሁትም» አሏቸው። ሕዝቡ ቀልድ መስሎት ሳቀ። ጋዜጣው የሕይወታቸው ታላቅ ደስታ ያለው ቀን ይህ ነው። ዋንጫው ዛሬ በወይዘሮ ስቴፋኒያ ግቢ የልብስ ማስጫ መቆንጠጫ ይቀመጥበታል፤ ሊያየው የሚወድ ሄዶ ይይ።

ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ወንድሜ ስለ ዝናብ፣ ስለ ስንዴ፣ ስለ ጉልበቴ ሕመም ያጫውቱኝ ነበር፤ ስለዚያ በር ግን አንድ ቃል አልተነፈሱም። ይቅርታ ለመጠየቅ ሁለት ጊዜ አፌን ከፍቼ ሁለቱንም ጊዜ ስለ አየሩ ተናገርኩ። በየሳምንቱ ሞተሩን እኔ እያስነሳሁላቸው እርሳቸው በመስኮት ያዳምጡ ነበር፤ አንድ ካንዴላ ከሳተ «ሦስተኛው» ብለው በጣታቸው ያሳዩኝ ነበር፤ ተሳስተውም አያውቁም። ባለፈው ሰኞ፣ ኤፕሪል 15 ቀን 2024፣ ከቀኑ በአምስት ሰዓት፣ ባለቤታቸው ሾርባ ሊያመጡላቸው ወደ ወጥ ቤት በተመለሱበት ጊዜ፣ በሰማንያ ሦስት ዓመታቸው በወንበራቸው ላይ እንደ ተቀመጡ አረፉ። በደረት ኪሳቸው ውስጥ በግራ እጃቸው የተጻፈች ወረቀት ተገኘች። እንዲህ ትላለች፦ «በመርኩሪው ውሰዱኝ። ሲቨርት ይንዳ። በራሱ በር ይግባ።»

ይህ ቅጣት ይሁን ምሕረት ሦስት ቀን አስቤ አላወቅሁትም። ታናሼ ያዘዙኝን ግን እፈጽማለሁ። ከዚህ ስትወጡ መኪናውን በደጁ ታገኙታላችሁ፤ የሹፌሩን በር ወደ እናንተ አዙሬ ያቆምኩት ሆን ብዬ ነው። አንድ ፊደል የሌለበት፣ እጅግ ያማረ፣ አንደኛ የወጣ በር ነው፤ እያንዳንዳችሁ በፊቱ አልፋችሁ እዩት። እኔ በእርሱ እገባለሁ፣ ወይዘሮ ስቴፋኒያ በቀኙ በር ወጥተው በወንበራቸው ይቀመጣሉ፣ ሃልቮርም ከኋላችን በካሶኒው ላይ ይሆናሉ፤ በአንደኛ ማርሽ፣ በሰው እርምጃ እንሄዳለን። መቃብሩ ስፍራ ስንደርስ ግን አዙሬ አቆመዋለሁ፤ ቀኙ በር፣ ጽሕፈቱ ያለበት፣ ወደ እናታችን መቃብር ይዞራል፤ የጻፈችውን ታንብበው።

አቶ ሃልቮር ብሬከ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ስቴፋኒያን፣ ልጆቻቸውን ግሌንዳንና ራንዳልን፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውን፣ የሚነሳ ፋርጎና የማይነሳ ሜቲዎር፣ እንዲሁም ይቅርታ ሳይጠይቃቸው የቀረውን ታላቅ ወንድማቸውን ትተው ሄደዋል። እጅ የነካውን ሁሉ የሚያውቅ ፈጣሪ የወንድሜን ነፍስ በቅዱሳኑ ወገን ያሳርፍልን፤ በደጁም እናታችን ቆማ አውራ ጣቷን ትዘርጋላቸው። አሜን።

አሁን ተነሡ፤ ሞተሩን ላስነሳ።